ሚያዝያ ላይ ቆቃ ግድብ አሳ ለማጥመድ፦ ቴርሞሜትሩን ተወው፣ ዳሩን እይ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፣ ወንድሙ ከአሜሪካ ሲመጣ ዘንግና ሪል ይዞለት መጥቷል፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ቆቃ ሊሄድ አስቧል። "ቪዲዮ ላይ ሳይ በስፕሪንግ ውሃው ሲሞቅ አሳው ወደ ዳር ይወጣል ይላሉ፣ ቆቃም እንደዛ ነው ወይ? ስንት ሰዓት ልድረስ? መንጠቆው ላይ ምን ላድርግ? ደሞ የቆቃ አሳ መርዝ አለው የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ?" ነው የሚለው። ስራዬ የግድብና የሐይቅ አሳ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

እሺ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያንን የቪዲዮውን ነገር ከጭንቅላትህ እናውጣው ምክንያቱም ሌላውን ሁሉ የሚያበላሽብህ እሱ ነው። እነሱ ጋ ክረምቱ በረዶ ነው፣ ውሃው 4 እና 5 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል፣ አሳው ጥልቁ ውስጥ ገብቶ ምግብ ቀንሶ ወራት ያሳልፋል፣ ከዛ ፀሐይዋ ስትበረታ ቀድሞ የሚሞቀው ዳር ዳር ያለው ስስ ውሃ ስለሆነ ለመብላትም እንቁላል ለመጣልም ወደዛ ይወጣል፣ ስለዚህ ቴርሞሜትር ይዘው ቢዞሩ ልክ ናቸው። ቆቃ ግን ከባህር ወለል በላይ 1590 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ አካባቢ ውስጥ ነው የሚመላለሰው፣ ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ አሳው አፉን ዘግቶ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ብርድ እዚህ የለም። ሚያዝያ ላይ ውሃው ትንሽ ሞቅ ይላል፣ እውነት ነው፣ ግን አሳውን የሚያንቀሳቅሰው እሱ አይደለም። እዚህ አሳው የት እንዳለ የሚነግርህ ውሃው እየወረደ ነው ወይስ እየወጣ የሚለው ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ንፋሱ።

ብዙ ሰው ቆቃን ሐይቅ እያለ ስለሚጠራው እንደ ሐዋሳና እንደ ዝዋይ ያስበዋል። ቆቃ ግድብ ነው። በፈረንጅ በ1960 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ አዋሽን ዘግተው የሰሩት፣ 43 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ግድብ ነው፣ ከስሩ ደግሞ አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የሚባሉ የኃይል ማመንጫዎች አሉ፣ የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ አለ፣ ሁሉም የሚጠጣው ከዚህ ከሚለቀቅ ውሃ ነው። ስለዚህ ክረምት ላይ ይሞላል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ጥግብ ይላል፣ ከዛ በኋላ በየቀኑ ይለቀቃል ይለቀቃል፣ ፀሐዩም የራሱን ይወስዳል፣ ሰኔ ላይ ዝቅተኛው ቦታ ይደርሳል። አንተ የምትሄደው ሚያዝያ ላይ ነው፣ ማለትም ገና ወደ ታች እየወረደ ያለ ግድብ ነው የምታገኘው። ጥቅምት ላይ ጓደኛህ አሳ የያዘበት ቦታ ሚያዝያ ላይ የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳ ሆኖ ብታገኘው አትደንግጥ፣ ገበሬው ውሃውን እየተከተለ ነው የሚዘራው።

የቆቃ ዳር በብዙ ቦታ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ አዋሽ ይዞት የመጣው ደለል ደግሞ ስልሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ተኝቶበታል፣ ግድቡ ከመጀመሪያ አቅሙ ቀላል የማይባል ክፍል ያጣው በዚህ ነው። ለጥ ስላለ ውሃው አንድ ሜትር ሲወርድ ዳሩ በመቶዎች ሜትር ይሸሻል። አሳው ይሄን ያውቃል ልበል? አያውቅም፣ ግን ሆዱ ይነግረዋል፣ ክረምት ላይ ሳሩ ውስጥ ገብቶ ሲበላው የነበረው ትልና ነፍሳት ደረቅ ላይ ቀረ፣ መደበቂያውም ቀረ፣ የቀረለት ከቁርጭምጭሚት የማይበልጥ ጭቃ ውሃ ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ ሳቢሳና ሽመላ ቆሞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ውሃው በሚወርድበት ጊዜ ትልልቁ አሳ ከስሱ ዳር ይርቅና መሬቱ ቁልቁል መሄድ የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ይሆናል። ያንን ጠርዝ ማግኘት ነው ግማሽ ስራው። ጀልባ ያለው አሳ አጥማጅ በቀዘፋው እየነካ ያሳይሃል፣ ጀልባ ከሌለህ ደግሞ ሜዳውን ትተህ ዳሩ ገደል ገደል የሚልበትን፣ ድንጋይ ያለበትን፣ ወይ ወደ ግድቡ አቅጣጫ ወደ ምስራቅ ያለውን ጎን ምረጥ፣ እዛ ሁለት ሦስት ሜትር ጥልቀት ከዳር ሆነህ ስትወረውር ትደርስበታለህ። ወደ ግድቡ አቅጣጫ አልኩ እንጂ ግድቡ ጋ ሂድ አላልኩም፣ የግድቡ አካባቢ ጥበቃ አለው፣ ከስሩ ደግሞ ውሃ ሲለቀቅ ሳታስበው ነው የሚነሳብህ፣ አዞም አለ፣ ተወው።

አሁን አንድ የምወደውን ነገር ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ረግጦት ነው የሚያልፈው። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሲጋለጥ መሬቱ ላይ ክብ ክብ የሆኑ ጉድጓዶች ታያለህ፣ ዲስት የሚያክሉ፣ አንዳንዴ ተጠጋግተው ብዙ ሆነው። የከብት ኮቴ አይደለም፣ የቆሮሶ (ፈረንጁ ቲላፒያ የሚለው አሳ) ጎጆ ነው። ወንዱ ቆሮሶ በአፉ አሸዋና ጭቃ እያነሳ እየተፋ ነው የሚቆፍረው፣ ሴቷ መጥታ እንቁላሏን እዛ ትጥላለች፣ ወንዱ ያዳብራል፣ እሷ ወዲያው እንቁላሉን በአፏ ለቅማ ትሄዳለች፣ ተፈልፍለው እስኪጠነክሩ ድረስ አፏ ውስጥ ነው የሚያድጉት፣ በዛ ጊዜ እሷ እህል የሚባል ነገር አትቀምስም ማለት ይቻላል። ወንዱ ጎጆውን የሚሰራው ስስ ውሃ ላይ ስለሆነ ግድቡ ቶሎ ቶሎ ሲለቀቅ ደረቅ ላይ ይቀርበታል፣ ትቶ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንደገና ይቆፍራል። ለአንተ የሚጠቅመው ምንድነው፣ እነዛ የደረቁ ጎጆዎች ካርታ ናቸው። በዚህ በኩል መሬቱ ለጎጆ ይመቻል ማለት ነው፣ ስለዚህ ከዛው ፊት ለፊት ወደ ውስጥ፣ ውሃው ከጉልበት እስከ ወገብ በሚሆንበት ቦታ፣ አዲሶቹ ጎጆዎች የመኖራቸው ዕድል ሰፊ ነው። ጭቃው ገና እርጥብ ከሆነና ጎጆው ጠርዙ ካልፈረሰ በቅርብ ቀን የተተወ ነው፣ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ የቆየ ነው፣ አትቁጠረው።

የውሃውን አካሄድ ለማወቅ መሳሪያ አያስፈልግህም። ማታ የምታድር ከሆነ ልክ ውሃው ጫፍ ላይ ዱላ ትከል፣ ጠዋት እየው፣ በቃ። የማታድር ከሆነ ጭቃውን አንብብ፣ ከውሃው ጫፍ በላይ ጠቆር ያለ እርጥብ ሰፊ መስመር ካለ እየወረደ ነው፣ ውሃው ሳር ውስጥ ገብቶ አረንጓዴ ሳር ቆሞ ከተጠለቀ እየወጣ ነው። አጥማጆቹንም መጠየቅ ትችላለህ፣ መረባቸውን በየቀኑ የሚያዘዋውሩት እሱን አይተው ነው።

"ግን እኮ በልግ ነው፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ይሞላል" ትለኝ ይሆናል። ዝናብ ዘነበ ማለት ግድቡ ሞላ ማለት አይደለም። የበልጉ ዝናብ የላይኛው አዋሽ ላይ አንዳንድ ዓመት ጥሩ ይጥላል፣ አንዳንድ ዓመት ጠብ ብሎ ይቀራል፣ ቢዘንብም ደረቁ መሬት መጀመሪያ የራሱን ይጠጣል፣ የሚገባው ከሚለቀቀው ካልበለጠ ግድቡ ዝናብ እየዘነበም ይወርዳል። ነገር ግን ሁለት ሦስት ቀን ተከታታይ ጥሩ ዝናብ ጥሎ ውሃው ለጥቂት ቀን እንኳን ከፍ ካለ፣ ያን ጊዜ ስራህን ትተህም ቢሆን ሂድ፣ ምክንያቱም ውሃው ደረቅ የነበረውን ሳርና ማሳ ሲሸፍን ትሉ ጉንዳኑ አንበጣው ሁሉ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ አሳው ተከትሎት ይወጣል፣ የፈረንጁ ቪዲዮ ላይ ያየኸው "ወደ ዳር መውጣት" እዚህ ሲሆን የምታየው በዚህ ጊዜ ነው። በተለይ አምባዛ፣ ያ ባለ ጢሙ አሳ። አምባዛ እንቁላሉን የሚጥለው ከከባድ ዝናብ በኋላ በሌሊት፣ አዲስ የተጥለቀለቀ ሳር ውስጥ ነው፣ ጀርባው ከውሃ በላይ እየታየ ሲርመሰመስ ማየት ይቻላል። ያው ዋናው የዚህ ጊዜ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ነው፣ የበልጉ ትንሽ ቅምሻ ናት። ያ ነጭ ቅርፊቱ ትልልቅ የሆነው፣ አንዳንዱ ቢልጫ የሚለው አሳ ደግሞ ወራጅ ውሃ ሲሸተው ወደ ወንዝ አፍ ይጠጋል፣ ምክንያቱም እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ያለበት ወንዝ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አትሂድ። ወራት ሙሉ ሲጠራቀም የከረመ ነገር ሁሉ ነው በመጀመሪያው ጎርፍ የሚወርደው፣ ከላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ይዞ የአቃቂ ወንዝ በአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ አዋሽ ውስጥ ይገባል፣ በሰሜን በኩል ደግሞ የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎቹን ፍሳሽ ይዞ ይመጣል። ውሃው ጠቆር ይላል፣ አረፋ ይዞ ይመጣል፣ ይሸታል። አሳው ራሱ ከዛ ይሸሻል፣ የማይሸሽ ካለ ደግሞ ያልሸሸበት ምክንያት ስለታመመ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ቀን ታገስ፣ ሁለተኛው ሦስተኛው ዝናብ ሲወርድ ውሃው ቡናማ ይሆናል፣ ያ ተራ አፈር ነው፣ ያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ ማጥመድ ይቻላል፣ እሱም የአዋሹ መግቢያ በምዕራብ በኩል ያለው እንጂ የሞጆው አይደለም። የሞጆ ወንዝ የሚገባበት አካባቢ በየትኛውም ወር አታጥምድ፣ አለቀ።

ሰዓትን በተመለከተ ሁሉም ሰው "በማለዳ ነው" ይልሃል፣ ቆቃ ላይ በበልግ ይሄ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ቆቃ ውሃው አረንጓዴ ነው፣ በአልጌ የተሞላ ነው። አልጌው ቀን ቀን ፀሐይ እያገኘ ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ግን እሱም እንደኛ ይተነፍሳል፣ ኦክስጅኑን ይበላዋል። ንፋስ የሌለው ሙቅ ሌሊት ካለፈ በኋላ ጎህ ሲቀድ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን የሚያንስበት ሰዓት ነው፣ ትንንሽ ቆሮሶዎች አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲያላምጡ ታያለህ፣ ሰው "አሳው ይበላል" ይላል፣ እየበላ አይደለም፣ አየር አጥሮት ነው። በዚህ ሰዓት የምትወረውረውን አይነካልህም። ስለዚህ ሌሊቱ ጭር ያለ ከነበረ 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ እየበረርክ መውጣት ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ረጋ ብለህ ተነሳ፣ ሞጆ ላይ ቁርስህን ብላ፣ ሁለት ሰዓት ሁለት ተኩል ላይ ዳር ድረስ፣ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ይነቃል። ከዛ እስከ አምስት ስድስት ሰዓት ያለው ነው ምርጡ ሰዓት፣ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ የስምጥ ሸለቆ ንፋስ ይነሳል። ሌሊቱን ንፋስ ሲነፍስ ካደረ ወይ ዝናብ ከነበረ ግን ውሃው ተቀላቅሏል፣ ያን ጊዜ ማለዳውም ጥሩ ነው። አምባዛ ከዚህ ህግ ውጪ ነው፣ እሱ ከውሃ በላይ ያለውን አየር ጭምር መተንፈስ ስለሚችል ኦክስጅን አነሰ አልአነሰ ግድ የለውም፣ ጨለማም ጭቃም ይወዳል፣ ለሱ ከ11 ሰዓት በኋላና ሌሊት ነው፣ ግን ስለ ጉማሬው የምነግርህን ከታች ሳታነብ ሌሊት እንዳትቆም።

ንፋሱን ደግሞ እንደ ጠላት ብቻ አትየው። ቆቃ ጥልቀት የለውም፣ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ታች ያለውን ደለል ያነሳዋል፣ ውሃው ሻይ በወተት ይሆናል፣ ቆሮሶ በዓይኑ ስለሚፈልግ ይከብደዋል። አምባዛና ካርፕ ግን ሽታና ጢማቸውን ስለሚጠቀሙ ደፍረሱ ይሻላቸዋል። የደፈረሰው ውሃና ጠራ ያለው የሚገናኙበት መስመር ከዳር ሆኖ በዓይን ይታያል፣ እዛ መስመር ላይ ጣል። ንፋሱ ወደሱ የሚነፍስበትን ዳር ግን ተጠንቀቅ፣ አልጌውን ሁሉ ገፍቶ እዛ ነው የሚያጠራቅመው፣ እንደ ቀለም የወፈረ አረንጓዴ ካየህ፣ ሽታውም ከመጣ፣ ቦታ ቀይር፣ ከብትም ውሻም እንዳይጠጣ ከልክል። እንቦጩም እንደዛው ነው፣ ቆቃ ላይ በፈረንጅ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ በንፋስ እየተገፋ ዛሬ እዚህ ነገ እዛ ነው፣ ጠዋት ክፍት የነበረ ቦታ ከሰዓት ተዘግቶ ክርህን ይበላብሃል። ጠርዙ ላይ ግን ጥላና ነፍሳት ስላለ ቆሮሶ ይጠጋል፣ በቡሽ (ክሩ ላይ ታስሮ ውሃው ላይ በሚንሳፈፈው) ከሆነ የምታጠምደው ከእንቦጩ አንድ ሁለት ሜትር ራቅ አድርገህ ሞክር።

ወደ ማባበያው እንምጣ፣ ወንድምህ ያመጣልህ ፕላስቲክ አሳና የሚያብለጨልጭ ብረት ሳጥን ሙሉ እንደሚሆን እገምታለሁ። አብዛኛውን እቤት ተወው። እነሱ የተሰሩት ሌላ አሳ አሳድዶ ለሚበላ አሳ ነው፣ ቆሮሶ ዋና ምግቡ አልጌ ነው፣ ውሃውን እያጣራ ነው የሚበላው፣ ፊቱ ላይ ብረት ብታሽከረክርበት ዞር ብሎ ነው የሚሄደው። ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ ቡሽ፣ ከቡሹ ስር ከአንድ ሜትር ያነሰ፣ ማባበያው የምድር ትል ወይ የዳቦ ሊጥ፣ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ። አፉ ትንሽ ነው፣ ሲነካም ቡሹን አይሰምጠውም፣ ያንቀጠቅጠዋል ወይ ወደ ጎን ይወስደዋል፣ እሱን ስታይ ነው ቀስ ብለህ የምታነሳው፣ ሰው ቡሹ እስኪሰምጥ እየጠበቀ ነው ትሉን ሁሉ የሚያስበላው። ለካርፕ የተቀቀለ በቆሎ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ መንጠቆው ላይ፣ ከታች በእርሳስ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ዙሪያውን እፍኝ በቆሎ በትን፣ ከዛ ትዕግስት ነው፣ ካርፕ ሲወስድ ግን ዘንጉን ይዞብህ ነው የሚሄደው፣ ድንጋይ ላይ አስደግፈኸው ሻይ ልጠጣ እንዳትል። ካርፕ የኛ አሳ አይደለም፣ ከውጭ የገባ ነው፣ ደለል እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል፣ እኔ በግሌ ካርፕ የያዘ ሰው ሁሉ ወስዶ ቢበላው ደስ ይለኛል፣ አጥንቱ ይበዛል እንጂ ስጋው ጥሩ ነው፣ ለጉላሽ ይሆናል። ለአምባዛ ደግሞ ጉበት፣ የዶሮ አንጀት፣ የትንሽ አሳ ቁራጭ፣ ዋናው ይሽተት፣ መንጠቆው ጠንካራ ክሩም ወፍራም ይሁን። አምባዛውን ስትይዘው በክንፉ ጎን ያለችው እሾህ እጅ ትቀዳለች፣ በጨርቅ ያዘው። ያ የሚያብለጨልጨው ብረት አንድ ቦታ ይሰራልሃል፣ ለነጩ አሳ፣ ለቢልጫው፣ ትልልቁ ትንንሽ አሳ ይበላል፣ ትንሹን ምረጥና ውሃ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ቀስ አድርገህ ጎትት።

ሴት ቆሮሶ ይዘህ አፏ አብጦ፣ ከጉንጯ ስር ወጥሮ ካየህ፣ ወይ ከውሃ ስታወጣት ብናኝ የሚያካክሉ ልጆች ከአፏ ከተፋች፣ መልሳት። በበልግ ይሄ ያጋጥምሃል። ከጣት የማይረዝም ቆሮሶም መልስ፣ ምንም ስጋ የለውም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ፣ ይበላል ወይስ አይበላም። ወሬ ብቻ አይደለም። ቆቃ ላይ ማይክሮሲስቲስ የሚባል አልጌ በብዛት ይበቅላል፣ ማይክሮሲስቲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፣ ይሄ ተለክቶ የታወቀ ነው። ከቆዳ ፋብሪካ ክሮምየም፣ ዙሪያውን ካለው አትክልት ማሳ ደግሞ የፀረ ተባይ ኬሚካል ይገባል። ግን "የቆቃ አሳ መርዝ ነው" ብሎ መዝጋትም "ዘመናችንን ሁሉ በልተነው ምን ሆንን" ብሎ ማለፍም ሁለቱም ስንፍና ነው። መርዙ አሳው ውስጥ እኩል አይሰራጭም፣ የአልጌው መርዝ በብዛት የሚቀመጠው ጉበትና አንጀት ውስጥ ነው፣ ስጋው ላይ ያለው ያነሰ ነው። ስለዚህ አሳውን እንደያዝክ እዛው ሆዱን ክፈት፣ የሆድ ዕቃውን ከነጉበቱ፣ ስንጥቡንም አውጥተህ ጣል፣ ስጋውን ከቤት ይዘህ በሄድከው ንጹህ ውሃ እጠብ፣ በግድቡ ውሃ አይደለም፣ ቆዳውን ግፈፍ፣ በረዶ ላይ አድርገው። የዱለት ነገር እርሳ። "ጥሩ አድርጌ እቀቅለዋለሁ" ደግሞ መፍትሄ አይሆንም፣ ማይክሮሲስቲን በእሳት አይጠፋም፣ ማስወገጃው ዕቃውን መጣል ነው።

በአይነት ካየኸው ከሁሉ የሚሻለው መካከለኛ ቆሮሶ ነው፣ አልጌ ስለሚበላ ሜርኩሪና የመሳሰለው እሱ ጋ ብዙ አይጠራቀምም። ሌላ አሳ የሚበላ አሳ፣ ዕድሜው የገፋ ትልቅ ነጭ አሳና ትልቅ አምባዛ፣ ከስር የተጠራቀመውን ሁሉ ነው ይዞ የሚገኘው፣ አልፎ አልፎ ብትበላው እሺ፣ ለነፍሰ ጡርና ለህፃን ግን አትውሰድላቸው። ውሃው ላይ ሞቶ ወይ እየተንገላታ ያገኘኸውን አሳ በምንም መንገድ አትብላ። ጥሬውን በዳጣ የሚሉትንም ቆቃ ላይ ተወው፣ የስምጥ ሸለቆ ቆሮሶና አምባዛ ውስጥ የሚገኝ የተጠቀለለ ክር የመሰለ ትል አለ፣ ሆዱና ልቡ አካባቢ ነው የሚቀመጠው፣ በደንብ ከበሰለ ይሞታል፣ በጥሬው ግን ሆድህ ውስጥ ሊቀጥል ይችላል። ውሃው አረንጓዴ ቀለም መስሎ በወፈረበት ሳምንት የያዝከውን ደግሞ ሁሉንም ልቀቅ፣ ለመዝናናት ነው የሄድከው።

ጉማሬ። ይሄን በቁም ነገር ስማኝ። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ነው፣ ማታ ሳር ሊበላ ይወጣል፣ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል፣ አደጋው አንተ በሱና በውሃው መካከል ስትገኝ ነው። ውሃው በሚወርድበት ወር የሚወጣበት መንገድ ጭቃው ላይ ጉድ ብሎ ይታያል፣ ሁለት ቦይ ጎን ለጎን የተቀደደ የሚመስል፣ እሱ ላይ አትቀመጥ፣ አጠገቡም። የአምባዛውን ሌሊት የምትፈልገው ከሆነ ከአካባቢው ሰው ጋር፣ እሱ በመረጠው ቦታ ብቻ። ጀልባ ከተከራየህ ከስድስት ሰዓት በፊት ዳር ድረስ፣ የእንጨቷ ጀልባ ከሰዓት ንፋስ ጋር አትስማማም፣ ላይፍ ጃኬት እዛ አገኛለሁ ብለህ አትሂድ፣ ይዘህ ሂድ። ውሃ ውስጥ በባዶ እግርህ እየገባህ አትቁም፣ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ዳር ዳሩን ነው የሚኖረው፣ ቦት ጫማ አድርግ። ወባም ከግድቡ አጠገብ ይበዛል፣ በልግ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ይነሳል፣ ከመሸ ረጅም እጅጌ ልበስ።

ከአጥማጆቹ ጋር ያለህን ነገርም ቀድመህ አስተካክል። እነሱ መረባቸው እንጀራቸው ነው፣ ቡሽ ወይ ባዶ ሃይላንድ ተንሳፍፎ ካየህ ስሩ መረብ አለ፣ መንጠቆህ ከተያዘበት አትጎትት፣ ክርህን ቁረጥ። ስትደርስ ሰላም በል፣ የት ላጥምድ ብለህ ጠይቅ፣ ማህበራቸው ፈቃድ ወይ ክፍያ ካለው ቀድመህ ጨርስ፣ የአሳ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፣ ዝርዝሩን ወረዳው ግብርና ጽህፈት ቤት ጠይቀህ ሂድ። ብርብራ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ የሚበትን ሰው ካጋጠመህ ከሱ አሳ አትግዛ፣ ያ ትልቁንም ትንሹንም ነው የሚፈጀው። ከፋሲካ በኋላ መምረጥህ ደግሞ ጥሩ ነው፣ በአብይ ጾም አሳ ስለሚወደድ መረብ በየቦታው ይዘረጋል፣ ከፋሲካ በኋላ ሰው ወደ ስጋው ሲዞር አጥማጁም ትንሽ ፋታ ያገኛል፣ ጀልባም በተሻለ ዋጋ ትደራደራለህ፣ ሊያሳይህም ጊዜ ይኖረዋል።

የዛን ቅዳሜ ዋዜማ አርብ ማታ ለባለ ጀልባው ደውልና ሁለት ነገር ብቻ ጠይቀው፣ "ውሃው ሳር ውስጥ ገብቷል ወይስ ሸሽቷል? ከሰሞኑ ዝናብ የመጀመሪያው ነው ወይስ ቀጥሏል?" በል። ሸሽቷል ካለህ ቡሽና ትል ይዘህ ወደ ጥልቁ ጠርዝ፣ ሳር ገብቷል ካለህ ጉበትና ወፍራም ክር ጨምር፣ የመጀመሪያው ዝናብ ትናንት ነው የጣለው ካለህ ደግሞ ፕሮግራሙን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አዛውረው።